ማይክሮአርኤንኤ የሩዝ ጠላት አይደለም፤ ቅጠሉን የሚቀርጸው እሱ ነው

«ልጄ፣ አንተ ይህን ነገር ታስተምረው የለ? ሩዙን እንብላው ወይስ እንተወው?»

እንዲህ ያሉኝ ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ እሁድ አዘዞ ቤታቸው ቡና የጠሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። ጤፍ ከተወደደ ወዲህ እንጀራቸውን ከፎገራ ሩዝ ጋር ቀላቅለው ነው የሚጋግሩት። ልጃቸው አንድ ጽሑፍ አንብቦላቸው ደንግጠዋል። ጽሑፉን ተቀብዬ እዚያው አነበብኩት። ቤቴ ገብቼም ደገምኩት። እንቅልፍ ነሳኝ ብል አላጋነንኩም። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ደግሞ ወረታ አጠገብ ሩዝ አራሽ ነው። ነገሩ በሁለት በኩል ይነካኛል።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ማይክሮአርኤንኤ የሚባለው ነገር ላብራቶሪ ውስጥ ተሠርቶ በሩዝ ዘር ውስጥ የሚከተት ባዕድ ነገር ነው። ጂንን ይገድላል። ለቅጠሉ ዕድገት ግን ምንም አይፈይድም፤ ቅጠሉን የሚሠራው ጂን ብቻ ነው። የሩዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ከታየ የዚሁ ነገር ጉዳት ነው። ሩዙን ስንበላም ደማችን ውስጥ ገብቶ የእኛን ጂን ይለውጣል። በመጨረሻም፣ ጥናቱ የሀብታም አገር ቅንጦት ስለሆነ ለፎገራ ገበሬ አይጠቅምም።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ለገበሬውና ለበላተኛው ተቆርቁረው እንደጻፉ ግን ያስታውቃል። እኔም የምመልሰው በዚያው ስሜት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ላብራቶሪ ውስጥ ተሠርቶ የሚከተት ነው»

አይደለም። ማይክሮአርኤንኤን የሚሠራው ሩዙ ራሱ ነው። አሠራሩ ዘረመሉ ላይ ተጽፏል። ሰው ሩዝ ማረስ ከመጀመሩ በፊትም ነበረ። ጤፉም አለው፣ ሽንኩርቱም አለው፣ በሬውም አለው። የጸሐፊው ሰውነትም፣ የእኔም፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶችን ይሠራል።

መጀመሪያ የታወቀው በ1993 ነው። ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን አሜሪካ ውስጥ አንድ ሚሊሜትር በምታህል ትል ላይ ይሠሩ ነበር። ሊን-4 የሚባል ጂን ግራ አጋባቸው። እንደ ሌሎቹ ጂኖች ፕሮቲን አይሠራም። የሚሠራው 22 ፊደል ያላት አጭር አርኤንኤ ነው፤ ፊደል የምለው አርኤንኤና ዲኤንኤ የሚገነቡባቸውን ኬሚካሎች ነው። ያቺ አጭር አርኤንኤ ሌላ ጂን በላከው መልእክት ላይ ትለጠፍና መልእክቱ እንዳይሠራ ታደርጋለች። ለዓመታት ብዙ ሰው «ይህ የትል ጠባይ ነው» ብሎ አለፈው። በ2000 ሌት-7 የሚባል ሁለተኛ ዓይነት መጣ። እሱ ሰው ውስጥም ተገኘ። በ2002 ደግሞ ዕፅዋት ውስጥ እንዳለ ታወቀ። ሁለቱ ሰዎች በ2024 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ለዚህ ሥራ ነው።

ጸሐፊው የተሳሳቱበትን ምክንያት እገምታለሁ። በኮሮና ጊዜ ስለ «ኤምአርኤንኤ ክትባት» ብዙ ተወራ። ስሞቹ ስለሚቀራረቡ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼም ያምታቷቸዋል። ኤምአርኤንኤ መልእክት ተሸካሚ ነው። ማይክሮአርኤንኤ ደግሞ ያንን መልእክት ይዞ የሚያስቀር ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

«ጂንን ይገድላል»

ጂኑን አይነካውም። ይህን የጎንደር ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ድሮ ዋናው መጽሐፍ ከዕቃ ቤት አይወጣም ነበር። ቁም ጸሐፊ ይገለብጠዋል። ወጥቶ የሚነበበው ግልባጩ ነው። ህዋስም እንዲሁ ነው የሚሠራው። ዲኤንኤው ኒውክለስ ውስጥ ይቀመጣል። ግልባጩ፣ ማለትም ኤምአርኤንኤው፣ ይወጣል። ፕሮቲን የሚሠራው ያ ግልባጭ ሲነበብ ነው። ማይክሮአርኤንኤ የሚይዘው ግልባጩን ነው። ዋናው መጽሐፍ አንድ ፊደል ሳይጎድልበት በቦታው አለ። ነገ ከነገ ወዲያ እንደገና ይገለበጣል።

ሩዝ ውስጥ አሠራሩን ልናገር። መጀመሪያ ረዘም ያለ አርኤንኤ ይገለበጣል። ያ አርኤንኤ በራሱ ላይ ይታጠፍና እንደ ፀጉር ማስያዣ ሽቦ ይሆናል። ዳይሰር የሚባል ኢንዛይም ከታጠፈው ላይ ትንሽ ቁራጭ ይቆርጣል። ቁራጩ አብዛኛውን ጊዜ 21 ፊደል አለው። ከዚያ ጫፉ እንዳይበላ በኬሚካል ይታሰራል። አርጎኖውት የሚባል ፕሮቲን ይሸከመዋል። ሁለቱ አብረው ህዋሱ ውስጥ ይዞራሉ። ከ21ዱ ፊደሎች ጋር የሚገጥም መልእክት ሲያገኙ ይይዙታል። አርጎኖውት መልእክቱን በ10ኛውና በ11ኛው ፊደል መካከል ለሁለት ይቆርጠዋል። አንዳንዴ ሳይቆርጠው ንባቡን ብቻ ያግዳል።

የዕፅዋት ማይክሮአርኤንኤ ግጥሚያው በጣም ጥብቅ ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም ፊደል መግጠም አለበት። ያገኘውን መልእክት ሁሉ አያጠፋም ማለት ነው። ስሙን የሚያውቀውን ብቻ ነው የሚፈልገው።

«ለቅጠሉ ምንም አይፈይድም»

እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ልቁም። ጽሑፉ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ይህ ነው። ደግሞም ከላይ ካለው ጋር ይጋጫል። ጂን የሚገድል አደገኛ ነገር ከሆነ እንዴት ምንም የማይፈይድ ይሆናል?

ጽሑፉን ባነበብኩ ማግስት አንድ ነገር አደረግኩ። አጎቴ ከሰጠኝ ሩዝ ገለባው ያልወለቀውን አንድ እፍኝ ያህል ወሰድኩ። ሱቅ ያለው የተፈለፈለ ነጭ ሩዝ አይበቅልም፤ ሞክራችሁ እንዳትደክሙ። እርጥብ ጨርቅ ሳህን ላይ ዘርግቼ፣ ዘሩን አስቀምጬ፣ መስኮት ሥር አኖርኩት። ከጥቂት ቀን በኋላ ነጭ ሥር ወጣ። ከዚያ እንደ ሹል እንጨት ያለች ሽፋን ብቅ አለች። ከሽፋኗ ውስጥ አንደኛው ቅጠል ወጣ። አንደኛው ቅጠል እንደ እጅጌ ብቻ ነው፤ ዝርግ ክፍል የለውም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ላይ ነው ዝርግ ቅጠል የሚታየው።

አንዱን ችግኝ በምላጭ ከላይ ወደ ታች ሰነጠቅኩት። እጅጌው ውስጥ ሌላ ቅጠል ተጠቅልሎ ተኝቷል። በእሱ ውስጥ ሌላ አለ። በዚያ ውስጥ ደግሞ በዓይኔ ለማየት ያስቸገረኝ ሐመር አረንጓዴ ነጥብ አለ። የበሰለ የሩዝ ዘር ገና አፈር ሳይነካ ሦስት ያህል ቅጠሎች ውስጡ ተጀምረው ይገኛሉ። እናቱ ላይ ሳለ የተጀመሩ ናቸው።

አሁን አስቡት። ያች ነጥብ ስትጀምር እብጠት ብቻ ናት። ላይ የላት፣ ታች የላት። ከዚያ ግን ስፋት ያለው፣ ላይና ታቹ የተለያየ ቅጠል ትሆናለች። በላይኛው ገጽ ላይ ትልልቅ አረፋ መሰል ህዋሶች ተደርድረው ይታያሉ። በታችኛው የሉም። እብጠቷ የትኛው ጎኗ ላይ፣ የትኛው ታች እንደሆነ በምን አወቀች?

ጸሐፊው «ጂን» ይላሉ። ልክ ነው፣ ግን ግማሽ መልስ ነው። የቅጠሉን የላይኛ ገጽ የሚወስን ኤችዲ-ዚፕ ሦስት የሚባል የጂን ቤተሰብ አለ። ነገር ግን እያንዳንዱ ህዋስ ያንኑ ጂን ይዟል። የላይኛውም ይዞታል፣ የታችኛውም ይዞታል። የታችኛው ህዋስ ካነበበው እሱም «ላይ» ይሆናል። ያን ጊዜ ቅጠል የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ ታች በኩል መልእክቱን የሚያስቀር ያስፈልጋል። ያ ሚአር166 ነው፤ «ሚአር» የማይክሮአርኤንኤ አጭር ስም ነው፣ ቁጥሩ ዓይነቱን ይለያል። በታችኛው ጎን ይጠራቀምና የኤችዲ-ዚፕ ሦስትን መልእክት እየያዘ ይቆርጣል። ላይ በኩል ጂኑ በነፃነት ይነበባል።

ተቃራኒው ደግሞ ላይ በኩል አለ። ሚአር390 የሚባለው ማይክሮአርኤንኤ አንድ ሌላ ረጅም አርኤንኤን ይነካና ከዚያ አርኤንኤ ትንንሽ ቁራጮች እንዲወጡ ያደርጋል። ቁራጮቹ የታችኛውን ገጽ የሚሠሩ የኤአርኤፍ ጂኖችን መልእክት ከላይኛው ጎን ያስቀራሉ። ሁለት ጠባቂ በሁለት በር እንደቆመ ማለት ነው። ቅጠሉም የሚሰፋው ሁለቱ ጎኖች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው።

ማስረጃው ምንድን ነው? ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ በ2007 ጃፓናውያን ያሳዩት ነው። ሥር አብቅለው ቡቃያ የማያወጡ የሩዝ ዘሮች ነበሯቸው። ዘሩ ይፈነዳል፣ ሥሩ ይወጣል፣ በቃ። ቅጠል የለም። የተበላሹትን ጂኖች ሲያዩ የሚአር390ን መንገድ የሚሠሩት ኢንዛይሞች ሆነው ተገኙ። ከመካከላቸው አንዱ አርጎኖውት ነው። አንዱ ዳይሰር ነው። «ምንም አይፈይድም» የተባለው ነገር ሲጎድል ሩዝ ቅጠል ማብቀል ራሱ ያቅተዋል።

በቆሎ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ2004 የታተመ ሥራ ነው። ቅጠሉ ወደ ላይ የሚጠመዘዝ የበቆሎ ዓይነት ነበር። ምክንያቱ አንዲት ፊደል ናት። የኤችዲ-ዚፕ ሦስት ጂን ላይ፣ ሚአር166 በሚለጠፍበት ቦታ፣ አንድ ፊደል ተቀይሯል። ሚአር166 ከዚያ ወዲያ መልእክቱን መያዝ አቃተው። የታችኛው ጎንም የላይኛውን ጠባይ ያዘ። ጂኑ አልጎደለም። የጎደለው ወሰኑን የሚጠብቀው ነው።

ጊዜውም እንዲሁ። ሰው ልጅነትና ጉልምስና እንዳለው ሩዝም አለው። ሁለተኛው ቅጠል ትንሽ ነው፤ የመሀል አጥንቱ ገና የለም። ስድስተኛው አካባቢ ስንደርስ የጎልማሳ ቅጠል ነው። ይህን ጉዞ የሚመራው ሚአር156 ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙ ነው፤ ተክሉ ሲያድግ እየቀነሰ ይሄዳል። ሲቀንስ ሚአር172 የሚባለው እየጨመረ ይመጣል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ሚአር156 የሚይዘው ኤስፒኤል የሚባሉትን ጂኖች ነው። ሩዝ 19 የኤስፒኤል ጂኖች አሉት፤ 11ዱ የእሱ መለጠፊያ አላቸው። ሚአር156 በሰው እጅ እንዲበዛ በተደረገበት ሩዝ ላይ ተክሉ አጭር ይሆናል፣ ከሥሩም የሚያቆጠቁጠው አገዳ ይበዛል። ዕድሜው ይገፋል እንጂ ከልጅነቱ አይወጣም።

ስፋቱ ላይ ደግሞ ሚአር319 አለ። በሩዝ ውስጥ ሲበዛ ቅጠሉ ሰፋ ይላል። ሚአር396 የህዋሶችን መባዛት ከሚያፋጥኑ ጂኖች መልእክት ይቀንሳል። የእነዚህን ዝርዝር ብጨምር ጽሑፉ አያልቅም።

ጸሐፊው ካነበቡት ነገር ይህን እንዴት እንዳለፉት አይገባኝም። ቅጠል የሚሠራው በመናገር ብቻ አይደለም። የትኛው ህዋስ ዝም ማለት እንዳለበት፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት መወሰን አለበት። ይህ የማይክሮአርኤንኤ ሥራ ነው።

«የተጠቀለለ ቅጠል የጉዳቱ ምልክት ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው የያዙት እውነት አለ። የቅጠል መጠቅለልና ማይክሮአርኤንኤ ይገናኛሉ። ግን ነገሩን ገልብጠው ነው ያዩት።

መጀመሪያ ገበሬው የሚያውቀውን ልናገር። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ለሳምንት ያህል ቆሞ ነበር። በአዲስ ዘመን በኩል ወርጄ አጎቴ ማሳ ላይ እኩለ ቀን ደረስኩ። ሩዙ በሙሉ ቅጠሉን እንደ ትንባሆ ጠቅልሎ ቆሟል።

«አጎቴ፣ ሩዙ ተጎዳ እኮ» አልኩት።

«ተወው፣ ጥላ እየሠራ ነው። ማታ ይፈታል። እኔ የምፈራው ማለዳ መጥቼ እንደተጠቀለለ ካገኘሁት ነው።»

ማታ ተፈታ። ያቺ የአጎቴ አነጋገር ከብዙ ንግግር ትበልጥብኛለች። ፀሐይ ሲበረታ የላይኛው ገጽ ላይ ያሉት አረፋ መሰል ህዋሶች ውኃቸውን ያጣሉ፣ ይጨማደዳሉ፣ ቅጠሉም ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ለፀሐይ የሚጋለጠው ስፋት ይቀንሳል። ውኃም ይቆጠባል። ተክሉ ራሱን እየጠበቀ ነው። ማለዳም ካልተፈታ ግን ሥሩ በሌሊትም ውኃ አላገኘም ማለት ነው።

ማይክሮአርኤንኤ የሚገባው በዚህ ነው። በ2018 የታተመ ሥራ አለ። ተመራማሪዎች ሩዝ ውስጥ ሚአር166ን ቀነሱት። ቅጠሉ ተጠቀለለ። አረፋ መሰል ህዋሶቹ ተለወጡ። ውኃ የሚያልፍባቸው ቧንቧዎች ጠበቡ። ተክሉ የሚያወጣው ውኃ ቀነሰ፤ ድርቅንም ከመደበኛው ሩዝ በተሻለ ቻለ። ስለዚህ መጠቅለሉ የመጣው ማይክሮአርኤንኤው ሲጎድል ነው። ጸሐፊው ደግሞ ማይክሮአርኤንኤው ስላለ ነው ይላሉ። ይህ የቃል ልዩነት አይደለም። ገበሬ ይህን አምኖ ማሳው ላይ እኩለ ቀን የተጠቀለለ ቅጠል ሲያይ ዘሩን መጠርጠር ይጀምራል። ሊያየው የሚገባው ውኃውን ነው።

«ስንበላው ደማችን ውስጥ ገብቶ ጂናችንን ይለውጣል»

ጎረቤቴን ያስደነገጣቸው ይህ ነው። ነገሩ ከባዶ ስላልመጣ በጥንቃቄ መመለስ አለብኝ።

በ2012 በቻይና ናንጂንግ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ሚአር168ኤ የሚባል የሩዝ ማይክሮአርኤንኤ ሩዝ በሚበሉ ሰዎች ደም ውስጥ አገኘን አሉ። አይጥ ጉበት ውስጥም ኮሌስትሮልን ከደም ከማንሣት ጋር የተያያዘ ፕሮቲን ይቀንሳል አሉ። ዓለም ተነጋገረበት። ጸሐፊው የሰሙት ይህንን ይመስለኛል።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ2013 ሌሎች ተመራማሪዎች አይጦችን ሩዝ እያበሉ ደገሙት። ደማቸው ውስጥ የሩዙን ማይክሮአርኤንኤ በሚረባ መጠን አላገኙም። የኮሌስትሮል ለውጡንም የምግቡ ይዘት መለያየት አስረዳው። ከተመራማሪዎቹ የተወሰኑት የዘር ኩባንያ ሠራተኞች ስለነበሩ «ጥቅም አላቸው» ማለት ይቻላል፤ እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንን ነው። ነገር ግን ከኩባንያ ጋር የማይገናኙ ሰዎችም ጦጣ ላይ፣ ሰው ላይ፣ ንብ ላይ ሞክረው ወደዚያው መልስ ነው የደረሱት። በደም ውስጥ ታየ የተባለው በአብዛኛው ከመለኪያው ጥቃቅን ስህተት የማይለይ ነበር።

የዕፅዋት ማይክሮአርኤንኤ ጫፉ ስለታሰረ ከተራ አርኤንኤ ይልቅ ይጠነክራል። ይህን እቀበላለሁ። ግን ከምጣድ ማለፍ አለ፤ የሆድ አሲድ አለ፤ አርኤንኤን የሚፈጩ ኢንዛይሞች አሉ፤ የአንጀት ግድግዳ አለ። ይህን ሁሉ አልፎ አንዲት ህዋስ ውስጥ በመቶዎች በሚቆጠር ቅጂ መድረስ አለበት። ጥቂት ቅጂ ለውጥ አያመጣም። ቢደርስ እንኳ ጂን አይለውጥም። ከላይ እንዳልኩት የሚይዘው ግልባጩን እንጂ ዋናውን አይደለም።

ሚአር168 ሩዝ ውስጥ የሚሠራውን ብታውቁ ደስ ይላችኋል። የሚይዘው የአርጎኖውትን መልእክት ነው። ማይክሮአርኤንኤዎችን ሁሉ የሚሸከመው ፕሮቲን ከልክ እንዳያልፍ የሚጠብቀው እሱ ነው። ጠባቂውን የሚጠብቅ ማለት ነው። ያንን ነገር መርዝ ብሎ መጥራት ያሳዝነኛል።

ለጎረቤቴ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። «እትዬ፣ ጤፉም ሽሮውም ጎመኑም አለው። ስንበላው ነው የኖርነው። እንጀራዎትን ይጋግሩ።» ስለ ሩዝ የሚያስጨንቅ ነገር ካለ ሌላ ነው። ነጭ ሩዝ ሲፈተግ ብዙ ንጥረ ነገር ከገለፈቱ ጋር ይሄዳል። ጤፍ ደግሞ ብረት አለው። ቅልቅሉ ላይ ጤፉን ጨርሶ አለማጥፋት ጥሩ ነው። ይህ የምግብ ጉዳይ ነው፤ ማይክሮአርኤንኤ አይገባበትም።

«ለፎገራ ገበሬ አይጠቅምም»

ይህን ስጽፍ የማስበው አጎቴን ነው። ኤክስ ጅግናን የሚያውቅ ያውቃታል። ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ሲጀመር ገብታ ገበሬው እጅ ለብዙ ዓመት የቆየች ዝርያ ናት። ሩዝ የጉማራና የርብ ወንዞች የሚያጥለቀልቁትን፣ ጤፍ የማይሆንበትን መሬት ምግብ አደረገው። ሰው «ነጭ ወርቅ» ያለው ወዶ አይደለም። ዛሬ ወረታ ላይ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። የተሻለ ዝርያ ፍለጋው ይቀጥላል።

ፍለጋው ውስጥ ማይክሮአርኤንኤ ምን ይሠራል? በ2010 ቻይናውያንና ጃፓናውያን፣ ሁለት ቡድኖች በተናጠል፣ አንድ ጂን ላይ ደረሱ። ኦኤስ-ኤስፒኤል14 ይባላል። ከላይ ሚአር156 ይይዛቸዋል ካልኳቸው የኤስፒኤል ጂኖች አንዱ ነው። አንዱ ቡድን ባገኘው ዝርያ ላይ ሚአር156 የሚለጠፍበት ቦታ አንዲት ፊደል ተቀይራ ነበር። ሲ የነበረው ኤ ሆነ። መልእክቱ ከመቆረጥ አመለጠ። ተክሉ ከሥሩ የሚያቆጠቁጠው አገዳ አነሰ፤ ያሉት ግን ወፍራምና ጠንካራ ሆኑ፤ ዘለላው ላይ ያለው ፍሬም በዛ። ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ችግር ነው ይህ፦ ብዙ አገዳ ያወጣል፣ ግማሹ ግን ፍሬ አይዝም። በ2015 ደግሞ ጂአርኤፍ4 በሚባል ጂን ላይ፣ ሚአር396 የሚይዝበት ቦታ ተቀይሮ፣ ትልልቅ ፍሬ የሚሰጥ ሩዝ ታወቀ።

ጸሐፊው ይህን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። እነዚህ ለውጦች ሩዝ ውስጥ በተፈጥሮ የተገኙ ናቸው። ወደ ሌላ ዝርያ የሚወሰዱት በማዳቀል ነው። ጥቅሙ ያለው ፊደሉ የት እንዳለ ስለታወቀ ነው። ችግኙ ገና ሁለትና ሦስት ቅጠል ሳለ፣ ከቅጠሉ ትንሽ ቆርጦ፣ ፊደሉን ማንበብ ይቻላል። የተዳቀለው ዘር ውስጥ የትኛው ችግኝ እንደያዘው ለማወቅ እስኪያፈራ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ክረምት ማዳን ለዘር አዳቃይ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላም አለ። ፎገራ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለው። ሩዝ ሞቃት አገር ይወዳል። እዚህ መስከረም ካለቀ በኋላ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የዘገየ ሩዝ ሲያብብ ብርዱ ይደርስበትና ዘለላው ባዶ ይቀራል። አጎቴ አንድ ዓመት ይህ ደርሶበታል፤ ዘለላውን በእጁ ሲያሻሸው ገለባ ብቻ ነበር የወጣው። ሚአር319 የበዛበት ሩዝ ቅጠሉ ከመስፋቱ በላይ ብርድን የተሻለ እንደቻለ በ2013 ታይቷል። ያ ሙከራ ችግኝ ላይ የተደረገ ነው፤ አበባ ላይ ያለውን ብርድ ይፈታል ማለት አይደለም። በእኛ አፈርና በእኛ ሌሊት መሞከር አለበት። ግን የሚሞክረው የእኛ ልጅ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባዮቴክኖሎጂ የሚማሩ ልጆች አሉን። ከመካከላቸው የፎገራና የደንቢያ ገበሬ ልጆች አሉ። «ይህ የእናንተ ጉዳይ አይደለም» የሚል ጽሑፍ እያነበቡ እንዲያድጉ አልፈልግም።

መስኮቴ ሥር ያሉት ችግኞች ዛሬ ጠዋት አራተኛ ቅጠላቸውን አውጥተዋል። ከሦስተኛው እጅጌ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የወጣው፤ ጫፉ ብቻ ተፈትቷል። ጸሐፊው አዘዞ መምጣት ከቻሉ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ምላጩም አለ፣ አጉሊ መነጽርም አለ። አንዱን ችግኝ አብረን እንሰነጥቃለን።